የሙታን ፍርድና የአንባቢ ደስታ

ሰው ከሞት ይሸሻል፤ ስለ ሞት የተጻፈውን ግን ፈልጎ ያነባል። በጎረቤታችን የሰው ደም ቢፈስስ እንደነግጣለን፥ እናለቅሳለን፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ስለ ፈሰሰው ደም የሚተርክ ልብ ወለድ ብናገኝ ግን እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርተን እናነባለን፤ ሲያልቅብንም ቅር ይለናል። ይህ ደስታ የሚያስነቅፍ ነውን? ወይስ በውስጡ አንድ በጎ ነገር ይገኛል?

ለምሳሌ የሚሆነን ጆሴፊን ቴይ በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው የስኮትላንድ ተወላጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ያሳተመችው «የዘመን ልጅ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ስሙ እውነትን የዘመን ልጅ ከሚላት የጥንት አባባል የተወሰደ ነው። የእኛም አባቶች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው።

የመጽሐፉ ባለታሪክ ግራንት የተባለ የፖሊስ መርማሪ ነው። እግሩ ተሰብሮ በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የእንግሊዙን ንጉሥ የሦስተኛውን ሪቻርድን ሥዕል ያያል፤ ፊቱም የነፍሰ ገዳይ ፊት አልመስለው ይላል። ሪቻርድ ግን በ1483 ዓ.ም. የወንድሙን ልጅ ዙፋን ወስዶ፥ በለንደን ግንብ የተቀመጡትን የ12 ዓመቱን ኤድዋርድንና የ9 ዓመቱን ታናሹን አስገደለ እየተባለ ሲወገዝ የኖረ ሰው ነው። መርማሪው ከአልጋው ሳይወርድ ምስክሮቹን በየተራ ይመረምራል። ዋነኛው ከሳሽ ቶማስ ሞር በዚያ ጊዜ የ5 ዓመት ያህል ሕፃን ነበር፤ የጻፈውም ሪቻርድ በ1485 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ከወደቀ በኋላ፥ ድል ያደረገው ቤተ ሰብ በሚገዛበት ዘመን ነው።

እንግዲህ እኛን ደስ የሚያሰኘን የደሙ ነገር ሳይሆን፥ መልስ መስጠት የማይችል ሙት ጠበቃ ማግኘቱ ነው። «ማን አየ? መቼ ጻፈው? ለማንስ ብሎ ጻፈው?» ብሎ መጠየቅን ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ የተማረ ሹም፥ መዝገብ ሲቀርብለት በወሬ ብዛት አይፈርድም። መምህሩም ተማሪው የተጻፈውን ሁሉ እንዳይውጥ ያስተምረዋል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ዘግተን ስናስብ አንድ ነገር ያሳስበናል። ግራንት ሪቻርድን ነጻ ካወጣ በኋላ ወንጀሉን በተከታዩ ንጉሥ በሰባተኛው ሄንሪ ላይ ይጥለዋል፤ በሄንሪ ላይ የሚቀርበው ማስረጃ ግን እጅግ ስስ ነው። እኛም በትረካው ተማርከን አንዱን ሙት ባዳንንበት አፋችን ሌላውን ወዲያው ኰነንነው። ልብ ወለድ ያለ ገዳይ ማለቅ አይወድም፤ እውነተኛ ፍርድ ግን ማስረጃ ሲጐድል ሳይፈርድ መቆየት ግዴታው ነው። የሪቻርድ አፅም በ2012 ዓ.ም. በሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ተገኝቶ በ2015 ዓ.ም. በክብር ተቀበረ። የአከርካሪው መጣመም ታየ፥ የቁስሉም ምልክት ተቈጠረ፤ ስለ ልጆቹ ግን አፅሙ አንዳች አልመሰከረም።

ከሁሉ የሚከብደውም የእነዚህ ልጆች ነገር ነው። ስለ ሁለት ነገሥታት ክብር ስንከራከር፥ ክርክሩ በሁለት ሕፃናት መጥፋት እንደ ተጀመረ ዘነጋን። የመርማሪው ብልኀት አስደሰተን፤ የ9 ዓመቱ ልጅ በዚያ ግንብ ውስጥ ምን እንደ ተሰማው ግን አልጠየቅንም።

ስለዚህ ደስታውን አንነቅፍም፤ ሁለት ዕዳ እንዳለበት ግን እንናገራለን። አንደኛው ለተከሰሰው ነው፤ ማስረጃው እስኪሞላ ስሙን አለማጥፋት። ሁለተኛው ለሟቹ ነው፤ የእንቈቅልሽ መጫወቻ ብቻ አድርጎ አለመቍጠር። እነዚህን ሁለቱን የከፈለ አንባቢ መጽሐፉን በደስታ ያንብብ። ንጋቱ ሳይጠራ ግን ነግቷል አይበል።