ስለ ጥላው ተጠይቆ ወርቁን ያሳየ ንጉሥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው እሑድ ከመርሐ ግብሩ በኋላ አንድ ወንድማችን በስልኩ የያዘውን ሥዕል ከበን አየን። በአንድ ሣጥን የተደረደሩ አራት የኪስ ሰዓቶች ናቸው። የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአዲሱ ሺህ ዓመት መታሰቢያ የሠራቸው ሲሆኑ አንዱ የቢጫ ወርቅ፥ አንዱ የቀይ ወርቅ፥ አንዱ የነጭ ወርቅ፥ አንዱም የፕላቲኒየም ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ 1,118 ጥቃቅን ክፍሎች አሉበት። አንዲት እኅታችን፥ «አራቱም የሚነግሩን ያንኑ አንድ ሰዓት አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን። ጥያቄዋ ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀንም፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈንም እርሱ ነው።

ስለ ሙያው እውነቱን እንመስክር። የሚሞላ ሰዓት ባትሪ የለውም። የተጠቀለለችው ሞላ እየተፈታች ማርሾቹን ትገፋለች፤ አንዲት ትንሽ መዘውርም ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ጉልበቱን በልክ በልክ ትለቀዋለች። ይህን ሁሉ በአጉሊ መነጽር አቀርቅሮ የሚገጥም ሰው አለ፤ ባስልኤልን ጥበበኛ ያደረገ አምላክ ለእርሱም ሰጥቶታልና እጁን አንነቅፍም። ሆኖም የጃፓኑ ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ዛሬ ርካሹ ባለ ባትሪ ሰዓት ከውዱ ባለ ሞላ ይልቅ ልኩን ይጠብቃል። እንግዲህ ውዱን የሚገዛ ሰው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ከስልኩም ያየዋል፤ የገዛው ሌላ ነገር ነው።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ የእጅ ሰዓት በግንቦት 2009 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ሊሸጥ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ግን ተመልሶ ቀርቦ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ሰዓቱ ቀኑን፥ ወሩንና የጨረቃዋን መጠን ያሳያል፤ «ዘላለማዊ» የሚባል የቀን መቁጠሪያም አለው። ዘላለሙ እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የሰው እጅ ካላረመው ይስታል። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያሰሩት ሰዓት አሥራ ሦስተኛውን ወር አያውቅም ነበር!

ወደ ንጉሡ ወደ ሕዝቅያስ እንሂድ። ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፥ ጸለየ። እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት፤ ምልክቱም በአካዝ ደረጃ ላይ የወረደው ጥላ አሥር ደረጃ ወደ ኋላ መመለሱ ነበረ። ጊዜ በጥላ የሚለካበት ዘመን ነበርና፤ የእኛም አባቶች ካህናት ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የጾሙን ዘጠኝ ሰዓት ያውቁ ነበር። ወሬው ባቢሎን ደረሰ፥ መልእክተኞችም መጡ። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ በምዕራፍ 32 እንደሚነግረን የመጡት በምድሪቱ ስለ ተደረገው ተአምር ሊጠይቁ ነው። ስለ ጥላው ማለት ነው። ሕዝቅያስ ምን አሳያቸው? ብሩን፥ ወርቁን፥ ሽቱውን፥ የጦር ዕቃውን። በግምጃ ቤቱ ያላሳያቸው አልነበረም። ስለ ጥላው ምን እንደ ነገራቸው ግን የተጻፈ የለም። ነቢዩ ኢሳይያስም መጥቶ ያ የታየው ሁሉ ወደ ባቢሎን እንደሚወሰድ ነገረው። ሕዝቅያስ ክፉ ንጉሥ አልነበረም፤ ከደጎቹ የሚቈጠር ነው፤ እኛን ያስፈራንም ይኸው ነው።

እኛ የካማሺ ልጆች ወርቅን በሣጥን ተቀምጦ አናውቀውም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወርቅ ማለት ወንዝ ዳር አጐንብሶ አሸዋ ማጠብ ነው፤ እናቶች ልጅ አዝለው በገበቴ ሲያጥቡ ውለው የሚያገኙት ቅንጣት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ጄኔቫ ላይ በተሸጠበት በዚያ መኸር በእኛ ዘንድ የሆነውንም ታውቃላችሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዞናችን ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፥ እጅግ ብዙ ሕዝብም ከቀዬው ተፈናቀለ። ማን የማን ወገን እንደ ነበረ እዚህ አንቈጥርም። ከመካከላችን ያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩ፥ ታላቅ እኅታቸው ተሸክማ ያወጣቻቸው አሉ።

እንግዲህ ዕድሜ የተጨመረልን እኛም ነን። ሥዕሉን ያሳየንን ወንድም አንወቅስም። ለበዓል ለመታየት ብለን ወርቅ ቅብ ሰዓት በብድር የገዛን ከመካከላችን አለንና፤ ዕዳው ሳያልቅ ቅቡ ተልጧል። ነገ ከሩቅ የመጣ ሰው «ከዚያ ሁሉ እንዴት ተረፋችሁ?» ብሎ ቢጠይቀን፥ እጅጌያችንን ሰብስበን ክንዳችንን ልናሳየው ነውን?

ትምህርታቸው ተቋርጦ ማንበብ የተሳናቸውን ታናናሾቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ልናስተምር ተስማምተናል። ለጊዜው ሰባት ሆነናል፤ ጠመኔ ተገኝቷል፥ አግዳሚ ወንበር ግን ያንሰናል። የእጅ ሰዓት ያለው አስሮ ይምጣ፤ የአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ከቆመ ሰንብቷል።