ዕቃውን ወድዶ ሰውን መናቅ

እሑድ ማለዳ ከእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ ቆሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ምእመን የተመለከተ ሰው፥ ነጠላው ነጽቶ ጥለቱ አምሮ ያየዋል። እኛም ይህንኑ ለብሰን እንቆማለን። ነገር ግን ይህን ሸማ የሠራው ማን ነው ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? በዚያው በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳ አካባቢ፥ አባቶቻቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አግብተው መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ። የእጃቸው ሥራ በቅዳሴ ጊዜ ይከበራል፤ «ሸማኔ» የሚለው ስም ግን ለብዙ ዘመን መሰደቢያ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሥራውን ወድዶ ሠሪውን መናቅ ለክርስቲያን ይገባዋልን?

ፈተናው አዲስ አይደለም፤ ከንግድ ጋራ አብሮ የኖረ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ525 ዓ.ም. ገደማ አዱሊስን ያየው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ስለ አክሱም ንግድ ጽፎልናል። እርሱ እንደሚለው ከ500 የሚበልጡ ነጋዴዎች ወርቅ ወደሚገኝበት ወደ ሳሱ አገር ይወርዱ ነበር። እዚያም በእሾህ አጥር ዙሪያቸውን አጥረው ይሰፍራሉ፤ በሬ አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረት ጋራ በእሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ አጠገብ ወርቁን አስቀምጦ ይርቃል። ባለዕቃው ዋጋው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ያም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይመለሳል። አስተርጓሚ የላቸውምና ቃል አይለዋወጡም።

በዚህ ንግድ ማንም ሳይወድ አልሰጠም። ሆኖም ወርቅና ጨው ተገናኙ እንጂ ሰውና ሰው አልተገናኙም። እነዚያስ ቋንቋ ስላጡ ነው፤ እኛ ግን በአንድ ከተማ እየኖርን፥ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገርን፥ በመካከላችን የእሾህ አጥር ብናቆም ምን ምክንያት እናቀርባለን?

አባቶቻችን ሌላም መንገድ አሳይተውናል። በ4ኛው መቶ ዓመት የጢሮሱ ሜሮፒዮስ የተሳፈረበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ አደጋ ሲደርስበት፥ ከተሳፋሪዎቹ የተረፉት ሁለት ብላቴኖች ነበሩ። የአክሱም ንጉሥ እንደ ምርኮ ዕቃ አልቈጠራቸውም፤ ዕውቀታቸውን አይቶ በቤተ መንግሥቱ ሾማቸው። ከሁለቱ አንዱ ፍሬምናጦስ ነበር። እርሱም በአገሩ የሚነግዱትን የሮም ክርስቲያኖች እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲያቆሙ አበረታታቸው፤ በኋላም በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሹሞ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። የመርከቡ ጭነት ምን እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ የብላቴናው ፍሬ ግን እስከ ዛሬ ይኖራል።

ዳግመኛም በ615 ዓ.ም. ገደማ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር፥ የመጀመሪያዎቹ እስላሞች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም መጡ። የእስልምና ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚናገሩት፥ የመካ ሹማምንት እጅ መንሻ የሚሆን ቁርበት አስይዘው ስደተኞቹን አስረክበን ብለው መልእክተኞች ላኩ። ንጉሡ ግን ስደተኞቹን ከሰማ በኋላ እጅ መንሻውን መለሰ፤ ሰዎቹን አልሰጠም። በአንድ በኩል ዕቃ፥ በሌላው በኩል ሰው ቀረበለት፤ እርሱም ሰውን መረጠ።

ይሁን እንጂ መልካሙን ብቻ ብንናገር ታሪክን እናጐድላለን። ወርቅና ዝሆን ጥርስ በወረደበት መንገድ ሰው ራሱ ዕቃ ሆኖ ወርዷል፤ ክርስቲያን ነን ያሉም ገዝተዋል፥ ሸጠዋልም። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠሪ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገራቸው፥ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚያቀና ግን ንስሐ ነው።

ምናልባት «ዋጋውን በትክክል ከፍያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን እዳ አለብኝ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ትክክለኛ ዋጋ መክፈል መልካም ነው፤ ግን የፍቅር መጀመሪያዋ እንጂ ፍጻሜዋ አይደለም። የእጅ ጥበብ ውርደት ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ባልሞላው፥ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ባልኖረ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ቀራንዮን እናስታውስ። የጌታችን ቀሚስ ስፌት የሌለው፥ ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነበር። ወታደሮቹ ማማሩን አይተው ሊቀዱት ሳሱ፥ ዕጣም ተጣጣሉበት፤ ባለቤቱ ግን በላያቸው ተሰቅሎ ሳለ ዘበቱበት። ልብሱን አከበሩ፥ ለባሹን ናቁ። ሸማውን ወድደን ሸማኔውን በናቅን ጊዜ ሁሉ፥ የቆምነው ከእነዚያ ወታደሮች ጋራ ነው።

ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በሚመጣው በዓል ነጠላችንን ስንከናነብ የሠራውን ሰው እናስብ፤ ስሙን እንጠይቅ፤ ልጁ ከልጃችን ጋራ ቢጋባ እናፍር እንደ ሆነም ራሳችንን እንመርምር። ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ልብሳችን በእውነት ንጹሕ መሆኑንና አለመሆኑን ይነግረናል።