ጎተራው የማን ነበር?



በእግዚአብሔር መታመን እንጂ በሀብት መመካት እንደማይገባ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ እኛ ካህናትም ደጋግመን ሰብከነዋል። ይህ ትምህርት በኑሮ ሲፈተን ምን ያህል እንደሚከብድ የተረዳሁት ግን በአንድ የኀዘን ቤት ተቀምጬ ነው።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው አዲስ የ200 ብር ኖት ሲወጣ፣ አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በዚያው ወራት አንድ አዛውንት ምእመን ታመው ኅዳር ላይ ዐረፉ። በቀብራቸው ዕለት ታታሪነታቸውንና ቆጣቢነታቸውን አመስግኜ ተናገርሁ። በጥር ወር ልጆቻቸው ቤቱን ሲያስተካክሉ ከእህል ጎተራው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ብዙ አሮጌ ብር አገኙ። ጊዜው አልፎ ስለ ነበር ገንዘቡ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ባለቤታቸው ግን ለሕክምናቸው የተበደሩትን ዕዳ ገና ከፍለው አልጨረሱም። አዛውንቱ እስከ መጨረሻዋ ቀን ይናገሩ ነበር፤ ስለ ገንዘቡ ግን ለማንም አልተነፈሱም።

ቤተሰቡን ላጽናና ብሄድ እናቲቱ ቀና ብለው፦ «አባ፣ እሳቸው ያላመኑት እግዚአብሔርን ነው ወይስ እኛን?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

እኒህን ሰው ስስታም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን አልደፍርም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ሲበረታ ያየ ትውልድ ናቸው። ሰው ያየውን ቢፈራ አያስደንቅም፤ ፍርሃትም በራሱ ኃጢአት አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የሚገኘውን የባለጠጋውን ምሳሌ ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን አነብበዋለሁ። ጌታችን ምሳሌውን የተናገረው አንድ ሰው ከወንድሙ ጋር ርስት እንዲያካፍለው በጠየቀው ጊዜ ነው፤ ይህን ስናስተምር ብዙ ጊዜ እንዘልለዋለን። ለመሆኑ የባለጠጋው ጥፋት ምን ነበር? እርሻው አፈራለት እንጂ ሰረቀ ወይም ቀማ አልተባለም። ማከማቸትም ቢሆን በደል አይደለም፤ ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እጅግ የበዛ እህል አከማችቶ በረሀቡ ጊዜ ጎተራውን ከፍቷል። የባለጠጋው ምክር ግን ከራሱ ጋር ብቻ ነው። ፍሬውም፣ ጎተራውም፣ ነፍሱም የእርሱ ብቻ ናቸው፤ በዚያ ሁሉ አሳብ ውስጥ ሚስት፣ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ጎረቤት አይታይም። እግዚአብሔርም አይታይም።

ስለዚህ ዛሬ ለእናቲቱ ብመልስ ኖሮ፣ ሁለቱ አለመታመኖች አንድ ሥር አላቸው እላቸው ነበር። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ነገን ብቻውን እንዳልተሸከመ ያውቃል፤ ስለዚህም እጁን ሊፈታ፣ ምስጢሩንም ሊያካፍል ይችላል። ነገን ብቻውን ሊሸከም የሚሞክር ግን የሚወዳቸውን እንኳ እንደ ሥጋት ማየት ይጀምራል። ይህ ደግሞ የባለጠጎች ፈተና ብቻ አይደለም። ቀለሜንጦስ ዘእስክንድርያ ስለሚድነው ሀብታም በጻፈው መጽሐፍ ሀብቱን ጥሎ ምኞቱን ያልጣለ ሰው ጭንቀቱ ድርብ እንደሚሆን አሳስቧል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የሚበላው የሌለውን ሰው በእግዚአብሔር ታመን ብሎ ባዶ እጁን ማሰናበት ወንጌል አይደለም፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ይህንኑ ነቅፏል። መኖሪያውና ዕለታዊ ምግቡ የማይጓደልበት እንደ እኔ ያለ ካህን ይህን ቃል ሲናገር ይበልጥ ሊያፍር ይገባዋል። ችግረኛው የእግዚአብሔርን መግቦት የሚያየው በአብዛኛው በሰው እጅ በኩል ነውና።

የእናቲቱ ዕዳ እንዴት እንደ ተከፈለም ልንገራችሁ። በሰፈሩ ዕቁብ የዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣላቸው ሌላ ሴት ነበሩ፤ ገንዘቡን ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ አስበውት ሳለ ተራቸውን ለእናቲቱ ለቀቁ። እርስዎስ ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ብጠይቃቸው፦ «ዕጣው የት ይሄዳል፣ አባ?» ብለው ሳቁብኝ።