የጾም ነው የፍስክ?

ዓርብ ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡ አስተናጋጇ ሌላውን ሁሉ ትታ «የጾም ነው የፍስክ?» ትላለች። «የጾም» ያላት ሰው ክትፎውን፣ ጥብሱን፣ ቅቅሉን፣ እንቁላሉን በአንድ ቃል አስነሣ። የሚቀረው ሽሮ ነው፣ በያይነቱ ነው፣ ቢበዛ ፓስታ በአትክልት። ልብ በሉ፤ ሰውየው ክትፎን ከሽሮ ጋር አመዛዝኖ አልተወውም። ክትፎው ለውድድርም አልቀረበም።

ስለ መምረጥ ስናስብ የሚታየን ሚዛን ነው፤ ወዲህ ይህ፣ ወዲያ ያ፣ መካከል ላይ መዛኙ። ይህ ሥዕል ያሳስተናል ባይ ነኝ። ሚዛን ላይ የሚወጡት ሁለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሊደረግ የሚችለው ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ይህን ከምጽፍ ተነሥቼ ጅማ በሚሄድ አውቶቡስ መሳፈር እችላለሁ። ጫማዬን በመስኮት መወርወርም እችላለሁ። ለምሳሌ ብዬ ባልፈልጋቸው ኖሮ ሁለቱም ትዝ አይሉኝም ነበር። ታዲያ ማን ጣላቸው?

ቼዝን እንይ። ጨዋታው ሲጀመር ነጩ ሊንቀሳቀስ የሚችለው በ20 መንገድ ብቻ ነው። ጥቁሩ አንድ ጊዜ ሲመልስ 400 ይሆናል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ሊኖሩ የሚችሉትን ጨዋታዎች ብዛት ሲገምት ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ የተደረደረበት ቁጥር ላይ ደረሰ። ሁሉን ፈትሾ መምረጥ ለሰው ቀርቶ ለማሽንም አይሞከርም። ራሱም ቼዝ ተጫዋች የነበረው ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሩት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ተጫዋቾችን ድምፅ እያወጡ እንዲያስቡ አድርጎ ሲያጠና ያገኘው ነገር ደግሞ ይገርማል። ታላላቆቹ ከመለስተኞቹ ብዙም የበለጠ አማራጭ አያሰሉም። ገና ሰሌዳውን ሲያዩ ወደ ሐሳባቸው የሚመጣው ደህና ደህናው ነው። ብልሃታቸው ያለው ከማመዛዘኑ በፊት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚቆረቁር ጥያቄ አለ። ጿሚው ክትፎውን አስቀድሞ የተወው በራሱ ቃል ነው፤ ቢፈልግ ይገድፋል። ማን እንደጣለበት እንኳ የማያውቅም ግን አለ። የጉሊት ነጋዴ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ «ምን ልሁን?» ስትል ሕንፃ መንደፍ በሐሳቧ ካልመጣ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው በሰፈሯ አይታ ስለማታውቅ ሊሆን ይችላል። «ማን ከለከለሽ?» ብንላት መልስ የላትም፤ ማንም አልከለከላትም። የሰውን ነፃነት በተፈቀደለት ነገር ብዛት ብቻ የሚለካ ይሳሳታል። ከተፈቀደለት ውስጥ ትዝ የሚለውስ ስንቱ ነው?

አማራጮቹ ፍጹም እኩል ሲሆኑም ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው የእስልምና ሊቅ አል-ገዛሊ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ቴምር ቀርቦለት ሁለቱንም መውሰድ የማይችል ሰው አንዱን ማንሣቱ አይቀርም ብሎ ተከራክሯል፤ ፈቃድ ማለት እኩያን ከእኩያ የሚለይ ኃይል ነው ሲል። እኛ ለዚህ ዕጣ አለን። የዕቁብ ዳኛ ማን ይቅደም ብሎ ፍልስፍና ውስጥ አይገባም።

ምንም መጣል የማይችል አእምሮ ቢኖርስ? የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው «የዴካርት ስሕተት» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ አንድ ታካሚ ጽፏል። ሰውየው የአንጎሉ የፊተኛ ክፍል ተጎድቶ ስሜቱ ደንዝዟል፤ ማሰቡ ግን ደህና ነው። ለቀጣይ ቀጠሮ በጥቂት ቀናት የሚራራቁ ሁለት ቀኖች ቀረቡለት። ማስታወሻውን አውጥቶ ግማሽ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ምክንያት ይደረድር ጀመር፤ ሌላ ቀጠሮ አለብኝ፣ አየሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ይህ ቢሆን፣ ያ ቢሆን። ሐኪሙ በመጨረሻ ረጋ ብሎ በሁለተኛው ቀን እንዲመጣ ነገረው። ሰውየውም እሺ ብሎ ማስታወሻውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።