አእምሮን የሚከፍተው ምንድን ነው?

በመንዝ፤ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ደበሎ ለብሶ፤ አኩፋዳ ይዞ ወደ ጉባኤ ቤት የሚገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቅኔው አስቀድሞ አንድ ወሬ ይሰማል፤ ይኸውም «እገሌ አእምሮው የበራለት አብሾ ጠጥቶ ነው» የሚል ነው። ለመሆኑ የጠጣው ሰው ትምህርቱ ቢገባው፤ ሥራውን የሠራው መጠጡ ነውን ወይስ ተስፋው?

ተስፋ ኃይል እንዳለው የውጭ አገር ሊቃውንት መርምረዋል። በ1991 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በወጣ አንድ ምርመራ፤ ማስታወስን ያበረታል የተባለ ካሴት ለሰዎች ተሰጠ፤ በአንዳንዱ ላይ ግን የተጻፈው ስም ሆን ተብሎ ተለውጦ ነበር። ብዙዎቹም በላዩ የተጻፈውን ጥቅም ያገኙ መሰላቸው፤ ሲፈተኑ ግን ካሴቱ ያደረገላቸው ነገር አልተገኘም። በ2016 ደግሞ በአሜሪካ 50 ሰዎች ለ1 ሰዓት አንድ ዓይነት የአእምሮ ልምምድ አደረጉ። ልምምዱ አእምሮን ያሰላል በሚል ማስታወቂያ የተጠሩት እኩሌቶቹ በፈተና ከ5 እስከ 10 ነጥብ የሚያህል ጨመሩ፤ ይህ ያልተነገራቸው ግን ምንም አልጨመሩም። በራስ ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ አእምሮን የሚመረምሩ ሐኪሞችም ስለዚሁ ለአንዱ ወገን ኤሌክትሪኩን ሳያሳውቁ ያጠፉበታል፤ የተስፋውን ሥራ ከኤሌክትሪኩ ሥራ ለመለየት ነው።

እንግዲህ ተስፋ የሚጠቅም ከሆነ፤ በሐሰት ቢሰጥስ ምን ይጎዳል? የሚል ይኖር ይሆናል። ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ጠጥቶ የተሳካለት ተማሪ፤ በብርድ ሌሊት ባና ተከናንቦ የቀጸለበትን ድካም ለቅጠል ያስረክባል፤ ያልጠጣውም ትምህርቱ በዘገየበት ጊዜ «ለእኔ በሩ ተዘግቷል» ብሎ ጥናቱን ይተዋል። ከዚህም በላይ፤ ሕዝቡ በስካር የሚቆጣውን ሰው «አብሾ አለበት» ማለቱ፤ መጠጡ አእምሮን ያናውጣል ተብሎ እንደሚፈራ ይመሰክራል።

ሐሰት የሌለበት ተስፋ ግን አለ። የኔታ የዘገየውን ልጅ አስጠግተው «ልጄ፤ ይገባሃል፤ እንደገና በለው» ሲሉት፤ ተስፋውንም ሥራውንም አንድ ላይ ይሰጡታል፤ ልጁም በተሳካለት ቀን ምስጋናውን ለማን እንደሚያቀርብ ያውቃል። ሰሎሞንም ጥበብን የለመነው ከፈጣሪው እንጂ ከቅጠል አልነበረም።