የዲቦራ ወንበር

ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ከሆነ፣ ሴት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ወንበር መቀመጧ ችሮታ ነውን ወይስ ዕዳ? መጽሐፈ መሳፍንት እንደሚተርከው፣ በተራራማው በኤፍሬም አገር፣ በራማና በቤቴል መካከል፣ ከዘንባባ ሥር ተቀምጣ በሕዝበ እስራኤል ላይ ትፈርድ የነበረችው ነቢይት ዲቦራ፣ ባለትዳር ብትሆንም ፈራጅነቱ የራሷ ጸጋ ስለ ነበረ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ወደ እርስዋ ይወጣ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ጸሐፊው ሴት በመፍረዷ ምንም ማስተባበያ ሳያቀርብ ማለፉ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩል መሆናቸውን ከማረጋገጡም በላይ፣ ከአድልዎ ዘመን የወረሱትን ጉዳት የሚያቃና ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ደንግጓል፤ ይህንም አድልዎ የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን የተወሰደባትን መመለስ እንደምን አድልዎ ይባላል? ሕጉ እንዲህ ቢልም፣ የቀበሌው ጉባኤ የውኃ ጉድጓድ የት ይቆፈር ብሎ ሲመክር፣ ጎሕ ሳይቀድ እንስራ አዝላ ዳገቱን የምትወጣው፣ የመንገዱን ርዝመት በወገቧ የምታውቀው እናት ከደጅ ቆማ ውሳኔውን ትጠብቃለች።