የድሮ ዘፈን የማን ነው?

ለመሆኑ አንድ ዘፈን «ብርቅ» የሚባለው መቼ ነው? ወርቅ ብርቅ የሆነው መሬት የያዘችው ጥቂት ስለሆነ ነው። ዘፈን ግን ሺህ ሰው ቢዘፍነው አያልቅም፣ አያንስም። እንግዲያው የዘፈን ብርቅነት ከዘፈኑ ሳይሆን ከኛ የመጣ ነው ማለት ነው። የረሳነውና ሳንቀዳ ያስቀረነው ነገር ነው ኋላ ብርቅ ተብሎ በውድ የሚፈለገው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ የተረሳን ዘፈን አግኝቶ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ወይስ ባለአደራ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ደፍሮ በመጣስ የአለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። የሸክላ ማተሚያ እዚህ ስላልነበረ ሥራው መጀመሪያ በህንድ፣ በኋላም በቤይሩት ይታተም ነበር። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ፤ ካይፋ ሬከርድስም ተከተለው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ ሸክላውንም ካሴት ተካው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ እነዚህን ሥራዎች «ኢትዮጲክስ» በሚል ተከታታይ አልበም ፓሪስ ላይ ሲያሳትም ግን ዓለም ጆሮውን ሰጠ፤ የመጀመሪያውን ሸክላ የሚያሳድድ ሰብሳቢም በዛ።

ይህ የኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች አሮጌ መኪናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው እየነዱ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ለስላሳ የሶል የፍቅር ዘፈን ማጫወት የቆየ ልማዳቸው ነው። ከነዚያ ዘፈኖች ብዙዎቹ በትንንሽ አሳታሚዎች በጥቂት ቅጂ የወጡ፣ በጊዜያቸው ዝና ያላገኙ ናቸው። ዛሬ ለአንዷ ሸክላ በመቶ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍል ሰብሳቢ አለ። ዘፈኑን በሕይወት ያቆየው ግን ሰብሳቢው ብቻ አይደለም፤ በመኪናው፣ በሠርጉ፣ በሬዲዮ ምርጫው ያልተወው ሠፈር ነው እንጂ። አንዱ ሸክላ ሁለት ኑሮ አለው፦ በመደርደሪያ ላይና በሰው መሀል።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው የቀሩት ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ብቻቸውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የተጫወቱትን ሙዚቃ በካሴት አወጡ። ካሴቱ ሀገር ቤት ተሸጠ፣ ዘመኑም አለፈ። እሳቸው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ሆኑ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት መኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያን ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የት አገኘው? እዚሁ ባሕር ዳር! ገዛው፣ ሰማው፣ ባለሙያውንም አፈላልጎ አገኛቸውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ጋሽ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጡ። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለዚህ አልተተረተም እንዴ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የውጭ ሰው ቅርሳችንን እየገዛ መውሰዱ ይከልከል» ይላሉ። ቁጭታቸው ይገባናል። ግን ሰውየው ባይመጣ ካሴቱ ከአቧራው ይነሳ ነበር ወይ? ጥፋቱ የሱ መግዛት ሳይሆን የኛ ሁለተኛ ቅጂ አለመያዝ ነው። ሌሎች ደግሞ «ገንዘቡን የከፈለ ጌታ ነው፤ ቢፈልግ ይቆልፍበት» ይላሉ። ይህም ጎደሎ ነው። የከፈለው ለሸክላው እንጂ ለዘፈኑ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኛው ዘመን አቆጣጠር ነው) ለሥራው አመንጪ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት መብት ሰጥቷል። ሕጉ ግን ሁሉን አይጨርስም። የመጨረሻውን ቅጂ የያዘ ሰው ሌላው በምንም መንገድ ሊያገኘው የማይችለውን ነገር ይዟል፤ ዝም ቢል ዘፈኑ አብሮት ይሞታል። ማንም ያልሰማው ሸክላ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ታዲያ አደራ ማለት ምን ማለት ነው? መልሱ ከጣና ማዶ አለ። የገዳማቱ የብራና መጻሕፍት ዘመናትን የተሻገሩት በመቆለፋቸው ብቻ አይደለም። አንዱ ሲያረጅ ጸሐፊ ተቀምጦ ሌላ ይገለብጣል። በብዙዎቹ ላይ ያስጻፈውና የጻፈው ሰው ስም ይገኛል፤ የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያም አለ። መጽሐፉም በቅዳሴውና በማኅሌቱ ይነበባል፣ ይዜማል። ሦስት ነገር እንማራለን፦ መገልበጥ፣ ስም መጠበቅ፣ ማሰማት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አደራው ተበላ። ሰብሳቢ ገልብጦ ስም ጠብቆ ካላሰማ ቆጣሪ ነው። በየስልካችን የሚዞረው ዘፈን ደግሞ ይሰማል፤ ነገር ግን የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የተጫዋቾቹ ስም ወድቆ ቀርቷል። እሱም ግማሽ አደራ ነው።

በኛ አስተያየት እንግዲህ ብርቅነት የሚያኮራ ነገር አይደለም፤ የመርሳታችን ዋጋ ነው። ጥሩ ሰብሳቢ የምንለው የያዘው ነገር ብርቅ መሆኑ እንዲቀር የሚሠራውን ነው።

ይህን ብለን ዝም ማለት ወሬ ብቻ ይሆናል። የካሴት ክር ይላላል፣ ይሻግታል፣ ይበጠሳል፤ በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ ማቆየት የሚቻለው እስከ ጊዜው ነው። ለዕረፍት ወደ ጎጃም፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ወሎ የምንበተን ተማሪዎች ከየቤታችን ሣጥን ያለውን ካሴትና ሸክላ እናውጣ። ባለቤቱን አስፈቅደን እንቅዳ፤ ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንደገጠመው፣ ማን እንደተጫወተው የሚያውቁትን አባቶችና እናቶች ጠይቀን እንጻፍ። ዕቃውን ለባለቤቱ እንመልስ። በሕይወት ያለ ባለሙያ ካገኘን ደግሞ መጀመሪያ ለሱ እናሰማው።